ሰማንያ ልንፈራረም ወረዳ አራቴ ሄድን

ለወረዳችን የጋብቻ ምዝገባ አገልግሎት ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል ሰጥቼዋለሁ። አንድ ተኩሉን የቀነስኩት በመረጃ ዴስኩ ነው። ሦስት ተኩሉን ያገኘው ደግሞ በአንዲት ሴትዮ ነው። ስለሳቸው እነግራችኋለሁ።

የወረዳውን ስም አልጠራም። አዲስ አበባ ውስጥ ነው፣ ይሄ ይበቃል። የምጽፈው ዘንድሮ ሰርግ ያሰባችሁ ካላችሁ እኛ ያየነውን እንግልት እንዳታዩ ብዬ ነው። እኛ አዳራሹን፣ ዲኮሩን፣ ቬሎውን፣ ቪዲዮውን ከስድስት ወር በፊት ይዘን ጨርሰናል። ሕጉ ምን ይጠይቃል ብሎ ያሰበ ግን ከሁለታችንም ቤተሰብ አንድ ሰው አልነበረም። ሰርጋችን ጥር 18 ቀን 2017 ነበር፣ ወረዳ መጀመሪያ የሄድነው ኅዳር 16። ሁለት ወር አለን፣ ምን ያስቸኩለናል አልን። ለጥቂት ነው የደረስነው።

"በቤተክርስቲያን ካገባችሁ ወረዳ ምን ያመላልሳችኋል?" ያሉኝ ብዙ ናቸው። እውነት ነው፣ በቤተሰብ ሕጉ ፊት ሦስቱም ጋብቻ እኩል ነው። በክብር መዝገብ ሹም፣ ማለትም ጋብቻን በሚመዘግበው የመንግሥት ሹም ፊት ብትፈራረሙ፣ በሃይማኖታችሁ ሥርዓት ብትጋቡ፣ በባህላችሁ ብትጋቡ ውጤቱ አንድ ነው። ግን በየትኛውም መንገድ ይፈጸም፣ መመዝገብ አለበት። በሃይማኖት ወይም በባህል የተጋባ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ሄዶ ያስመዝግብ ይላል የወሳኝ ኩነት (የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት) ምዝገባ አዋጁ፣ 760/2004። ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም። ግን ጫጉላው፣ ቅልቅሉ፣ መልሱ ሲባል 30 ቀን ሳይታወቅ ያልፋል። እኛ ቀድመን ወረዳ ፈርመን ከዚያ ወደ ሰርጉ መሄድን መረጥን።

እኔ ነገሩን አጥብቄ የያዝኩት በአክስቴ ምክንያት ነው። አክስቴ በባህሉ ተድራ ከባሏ ጋር 32 ዓመት ኖራለች። ወልዳ ከብዳለች፣ ቤት ሠርታለች። ወረቀት ግን አልነበራትም። ባሏ ሲሞት የጡረታ አበሉን ልታስከብር ብትሄድ "የጋብቻ ማስረጃ አምጪ" ተባለች። ሰርተፍኬት የሌለው ሰው ጋብቻውን በሌላ መንገድ እንዲያስረዳ ሕጉ ይፈቅዳል። እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን፣ ዘመድና ጎረቤትም እንደዚያ እንደሚያውቃቸው በምስክር ማሳየት ይቻላል። ፍርድ ቤቱም ወሰነላት። ግን ሰባት ወር ፈጀ። ሐዘኗ ሳይወጣላት፣ ጥቁሯን እንደለበሰች የእድር ሰዎች ይዛ ችሎት ስትመላለስ አብሬያት ነበርኩ። ጎረቤታችን ቆመው "አዎ፣ ሚስቱ ናት" ብለው ሲመሰክሩ እሷ መሬት መሬቱን ነበር የምታየው። ያን ቀን ነው ለራሴ የማልኩት።

እንግዲህ ወደ ወረዳው።

የመጀመሪያ ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። መረጃ ዴስክ ላይ ያለው ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል "መታወቂያና ጉርድ ፎቶ" አለን። ይዘናል አልነው። "ያላገባ ማስረጃስ?" የለንም። ተመለስን። የኔን እዚያው ወረዳ አወጣሁ። የእጮኛዬ መታወቂያ ግን የደብረ ብርሃን ነው። ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ 130 ኪሎ ሜትር ሄዶ አመጣ። በሁለተኛው ቀን ያው ልጅ ወረቀቱን አገላብጦ አየና "ሁለታችሁም የዚህ ወረዳ ነዋሪ መሆን አለባችሁ፣ መጀመሪያ መሸኛ አምጣና እዚህ ተመዝገብ" አለው። ደሜ ፈላ።

ይሄ ስህተት ነው። ከተጋቢዎቹ አንዳቸው፣ ወይም የአንዳቸው ወላጅ ወይም የቅርብ ዘመድ፣ እዚያ ቦታ ቢያንስ አንድ ወር በተከታታይ ከኖረ ይበቃል። እኔ እዚያው ሰፈር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992ን፣ ስልኬ ላይ አውርጄው ስለነበር ከፍቼ አሳየሁት። አላነበበውም። "ኃላፊዋን ጠይቂ፣ ዛሬ ስብሰባ ናቸው" አለኝ። ሁለታችንም ከሥራ ቀርተን ነው የመጣነው።

ቅሬታዬ ይሄ ነው። የሚያስፈልገው ነገር አንድ ገጽ አይሞላም። አንድ ወረቀት ላይ አትሞ ግድግዳው ላይ መለጠፍ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ከኛ ኋላ ተሰልፈው የነበሩ ባልና ሚስት ከኮዬ ፈጬ ታክሲ ሦስቴ ቀይረው መጥተው በአንድ ፎቶ ተመልሰዋል። ሰው በአንድ ጊዜ ሙሉው ቢነገረው ግማሹ ሰልፍ አይኖርም ነበር።

ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ። የሁለታችሁም የታደሰ መታወቂያ ከነኮፒው። እኛን የፋይዳ ቁጥርም ጠይቀውናል። ጉርድ ፎቶ ተጨማሪ ያዙ፣ ሰርተፍኬቱም ላይ መዝገቡም ላይ ይለጠፋል። ያላገባ ማስረጃ አዲስ የወጣ ይሁን። ከዚህ በፊት አግብቶ የፈታ ሰው የፍርድ ቤቱን የፍቺ ውሳኔ ይይዛል፣ የሞተበት ደግሞ የሞት ምዝገባ ማስረጃ። ሁለት ጋብቻ ደርቦ መያዝ ክልክል ስለሆነ ነው ይሄ ሁሉ። ምስክር አራት ሰው ነው፣ ሁለት በሴቷ ሁለት በወንዱ በኩል፣ እነሱም መታወቂያቸው የታደሰ ይሁን። የመታወቂያውን ነገር አደራ፣ ወደ በኋላ ታያላችሁ።

የፈታች ወይም ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለባት። የቀድሞው ጋብቻ ከፈረሰ 180 ቀን ሳይሞላ ማግባት አትችልም። ምክንያቱ የሚወለደው ልጅ አባት ማን ነው የሚለው እንዳይምታታ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ይሄን የሰማችው ካርድ አሳትማ ከጨረሰች በኋላ ነው፣ ከፈታች በአምስተኛ ወሯ። ደንግጣ ደወለችልኝ። እርጉዝ አለመሆኗን የሚያሳይ የሐኪም ማስረጃ ካለ ግን ጊዜውን መጠበቅ ግድ አይደለም። የቀድሞ ባሏን መልሳ የምታገባም አይመለከታትም። ሄዳ ተመርምራ ወረቀቱን ይዛ ቀረበች፣ በቀኗ አገባች።

ሌላው ደግሞ ውክልና ነው። ዋሽንግተን ያለ የባለቤቴ ጓደኛ "ወንድሜን ወክዬ እዚያው ይፈራረሙልኝና ፕሮሰሱን ልጀምር" ብሎ አስቦ ነበር። አይሆንም። ተጋቢዎቹ ራሳቸው በአካል ቀርበው ፈቃዳቸውን መስጠት አለባቸው። በውክልና የሚፈቀደው ከባድ ምክንያት ኖሮ ፍትሕ ሚኒስቴር ሲፈቅድ ብቻ ነው። ስለዚህ ውጭ ያላችሁ የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቀኑን ከወረዳው ጋር ጨርሱ። ለምን እንደሆነ አሁን ታያላችሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር 30፣ ኃላፊዋን አገኘናቸው። በሃምሳዎቹ ያሉ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴትዮ ናቸው። ጥጉ ላይ ያለችው ጠረጴዛ የሳቸው ናት። ስለ ነዋሪነቱ ገና ስጀምር "አንዳችሁ ከኖራችሁ ይበቃል ልጄ፣ ማነው የመለሳችሁ?" አሉ። ፋይላችንን በአምስት ደቂቃ ከፈቱ። ከዚያ ቀና ብለው "ቀናችሁ መቼ ነው?" አሉን። ጥር 18 ስንላቸው የግድግዳውን ካሌንደር በጣታቸው ቆጠሩ።

ለካ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚጋባ ሰው ሐሳቡን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅ አለበት። ማስታወቂያ ይወጣል፣ ተቃውሞ ያለው ሰው በጽሑፍ ያቀርባል። ለምሳሌ ሌላ ሚስት ወይም ሌላ ባል አለ የሚል ካለ የሚናገረው ያኔ ነው። እኛ የመረጃ ዴስኩ ልጅ ሌላ ሦስት ሳምንት ቢያመላልሰን ኖሮ ሰርጉ ያልፈን ነበር። ለጥር 8 ቀጠሩን፣ ጥምቀት ሳይደርስ።

የዚያን ቀን ሴትዮዋ አንድ ጥያቄ ጠየቁን፤ ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። "የጋብቻ ውል ታደርጋላችሁ?" አሉ። ተያየን። ሐብታም የሚያደርገው ነገር ነበር የሚመስለን። "ለማድረግ ካሰባችሁ ግን ከመጋባታችሁ በፊት ወይም በዕለቱ ነው። ከተጋባችሁ በኋላ በመካከላችሁ የምታደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይሠራም" አሉን።

እኔ በ2011 እጣ የወጣልኝ ኮንዶሚኒየም አለኝ። የባንክ ዕዳው ገና አላለቀም። በሕጉ ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት የግል ነው፣ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘም የግል ነው። ከጋብቻ በኋላ ግን የሁለታችንም ደመወዝ የጋራ ነው፣ በአንዳችን ስም የተመዘገበ ንብረትም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። እንግዲህ አስቡት። ቤቱ የኔ ነው፣ ወርሃዊ ክፍያው ግን ከነገ ጀምሮ የሚወጣው ከጋራ ገንዘብ ነው። እሱ ደግሞ ደብረ ብርሃን ከአባቱ የወረሰው መሬት ላይ ቤት ጀምሯል፣ እኔም ለሲሚንቶው አዋጥቻለሁ። ይሄን ነገር ቁጭ ብለን አውርተነው አናውቅም ነበር፤ ሦስት ዓመት ስንተዋወቅ አንድም ቀን።

በነጋታው ቡና ቤት ተቀምጠን ከ11 ሰዓት እስኪዘጉ ድረስ አወራን። ናፕኪን ላይ ቁጥር ጻፍን። እሱ "ቤቱ ያንቺ ይሁን፣ እኔ የምከፍለው ግን ይቆጠርልኝ" አለ። እኔ የሱን ቤት በተመለከተ ያንኑ አልኩ። ከዚያ ደመወዙን፣ ለእናቱ በየወሩ የሚልከውን፣ የኔን እቁብ ሁሉ አነሳን። እናቱ ሲሰሙ "ገና ሳትጋቡ ስለ መለያየት?" ብለው ቅር ብሏቸው ነበር። ገብቶኛል። ግን ስለ መለያየት አልነበረም ያወራነው። ስለ ገንዘብ ሳይፈራራ ማውራት የሚችል ሰው እያገባሁ እንደሆነ ያወቅኩት ያን ማታ ነው።

ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ አራት ምስክር ይፈርምበታል፣ እዚህም ሁለት ሁለት ከየወገኑ። የሕጉን አስገዳጅ ነገሮች መሻር አይችልም። እኛ በሁለት ገጽ ጨረስነው፣ ጠበቃ አየልን፣ አንድ ኮፒ መዝገብ ጋር ተቀመጠ። ውል ባታደርጉ እንኳ ይሄን እወቁ፦ የጋራ የሆነን ቤት አንዳችሁ ብቻችሁን መሸጥ፣ ማከራየት፣ ማስያዝ አትችሉም። ከ500 ብር በላይ ብድር ለመዋዋል እንኳ የሁለታችሁም ስምምነት ያስፈልጋል። ቁጥሩ የ1992 ቁጥር ነው፣ ሕጉ ግን ያው ነው።

ስለ ጤና ምርመራ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ በአጭሩ። የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት ብዙ ቤተ እምነቶች ይጠይቃሉ፣ የቤተሰብ ሕጉ ግን እንደ ቅድመ ሁኔታ አልዘረዘረውም። ሆኖም የማይድን ወይም ወደ ልጅ የሚተላለፍ በሽታን ሳያውቅ ያገባ ሰው ጋብቻው እንዲፈርስለት ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ሂዱና አብራችሁ ተመርመሩ፣ ግማሽ ቀን ነው።

ጥር 8፣ ሐሙስ። ከኛ በፊት አንድ ሙሽራና ሙሽሪት ከነቤተሰባቸው ነበሩ። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማን። ሴትዮዋ ሙሽሪትን "በፈቃድሽ ነው?" አሏት። ልጅቷ አቀርቅራለች። አጎቷ ይመስሉኛል፣ "ፈቅዳለች፣ ፈቅዳለች" አሉ። ሴትዮዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ይቅርታ አባቴ፣ የጠየቅኩት እሷን ነው።" ጸጥ አለ። ከዚያ ሁሉንም ሰው፣ ሙሽራውን ጭምር፣ ወደ ውጭ አስወጥተው በሩን ዘጉ። አጎትየው ኮሪደሩ ላይ እያጉረመረሙ ወዲያ ወዲህ አሉ። አስር ደቂቃ ቆየ። በሩ ሲከፈት ልጅቷ ፊቷን ጠርጋ ቁጭ ብላለች። እንደገና ተጠየቀች። "አዎ፣ በፈቃዴ ነው" አለች፣ በራሷ አፍ፣ ጮክ ብላ። ሴትዮዋ ያኔ ነው መዝገቡን የገለጡት። እኔ ሦስት ተኩል ኮከብ የሰጠሁት ለዚህ አስር ደቂቃ ነው። ሰልፍ እያለ፣ ሰው እየተቆጣ፣ አላለፉትም።

ተራችን ደረሰ። አንዱ ምስክር ወንድሜ ነው። መታወቂያው ሲታይ ጊዜው ካለፈ አራት ወር ሆኖታል። "አይሆንም" አሉ ሴትዮዋ። ወንድሜ ሊለምን ሲጀምር እንኳ ራሳቸውን ነቀነቁ። ላብ አጠመቀኝ። አክስቴ እልል ልትል ብቻ ነበር የመጣችው። ከኋላ "እኔ መሆን እችላለሁ?" አለች። "መታወቂያዎ የታደሰ ነው?" አሏት። በላስቲክ የተጠቀለለ መታወቂያዋን ከቦርሳዋ አወጣች። ከነዚያ ሰባት ወራት ወዲህ የሷ መታወቂያ አንድም ቀን ሳይታደስ ቀርቶ አያውቅም።

ሴትዮዋ ሕጉን አነበቡልን። ተጋቢዎች 18 ዓመት የሞላቸው መሆን አለባቸው፣ ፍትሕ ሚኒስቴር በከባድ ምክንያት ቢቀንስ እንኳ ከሁለት ዓመት አይበልጥም። በሥጋ በቅርብ የሚዛመዱ አይጋቡም፣ የሚስት እህትና የባል ወንድምም ክልክል ነው። ባልና ሚስት ቤታቸውን እኩል ያስተዳድራሉ፣ ይከባበራሉ፣ ይደጋገፋሉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤቱ ራስ ነበር፣ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜም 15 ነበር። 18 የሚለው ሲነበብ አክስቴ በቀስታ "እኔ አስራ አምስት ነበርኩ" አለች። ለማንም አልነበረም የተናገረችው። እኔ ግን ሰማኋት።

ቃል ገባን፣ ፈረምን፣ ምስክሮቹ ፈረሙ። አክስቴ ስሟን ፊደል በፊደል ቀስ ብላ ጻፈች፣ ከዚያ ቀና አለችና እልልታዋን ለቀቀችው። ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሰልፈኛ ሁሉ ተቀበላት።

ሰርተፍኬቱ ከመታተሙ በፊት ረቂቁን ያሳያሉ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነው የሚጻፈው፣ እና የባለቤቴ አባት ስም በእንግሊዝኛው ከፓስፖርቱ በአንድ ፊደል ይለያል። ፓስፖርቱን ይዞ ስለነበር እዚያው ተስተካከለ። ከታተመ በኋላ ቢሆን ሌላ ምልልስ ነው። ውጭ አገር ልትጠቀሙበት ካሰባችሁ ደግሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ስላለበት ስሙ ከፓስፖርታችሁ ጋር አንድ መሆኑን አጥብቃችሁ እዩ። ክፍያው ለአዳራሽ ከከፈልነው ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው፣ ደረሰኙን ግን ያዙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብዙ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። እኔ የጻፍኩት አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠራበትን የፌዴራሉን ነው። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ የምትጋቡ የክልላችሁን ጠይቁ። ደግሞ "ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል፣ ተጋብተናል ማለት ነው" የምትሉ፣ አይደለም። አብሮ መኖሩ ሦስት ዓመት ሲሞላው ያፈራችሁት ንብረት የጋራ ይሆናል እንጂ ጋብቻ አይሆንም።

ሰኞና አርብ አትሂዱ፣ ይጨናነቃል። ሐሙስ ጠዋት ጥሩ ነው። መረጃ ዴስኩ የሚላችሁን ስሙ፣ ግን ከመመለሳችሁ በፊት ኃላፊውን ወይም ኃላፊዋን አግኙ። ሰሞኑን ሰርተፍኬታችንን ላሚኔት ላስደርግ ስል አክስቴ ከለከለችኝ፣ ማህተም የሚመታበት ቀን ይመጣል አለች። ፕላስቲክ ፋይል ውስጥ ከተተችው፣ አንድ ኮፒም ለራሷ ወሰደች።